ቅቤ የጠጣው መስታወት

የሰደበኝ ባድሩ ነው። ባድሩ ባለ አሉሚኒየሙ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ሁለት በር ሱቅ የከፈተው። ጊዜው በ2008 ዓ.ም፣ የአረፋ ማግስት፣ ከዙህር ሶላት በኋላ። ቦታው የአክስቴ ልጅ የኢንሳፍ ሰርግ ድንኳን። እኔ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጬ የሩዝ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ፤ ገና አንድ ጊዜ ነው የጎረስኩት። ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ለጌጥ ብለው ትልቅ መስታወት አቁመዋል። ባድሩ መሀል ላይ ቆመና ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ያ ጀማዓ፣ ሙዘይንን ከዚያ መስታወት ፊት አንሱልኝ! የእሱ ዐይን እንደሆነ ሳይነካው ይሰነጥቀዋል» አለ።

ድንኳኑ ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ዛሬም አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ። አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አላህ ይዘንላቸው፤ እኔ ግን አልረሳኋቸውም።

የእጅ ሙያ ያለውን ሰው «ዐይኑ ክፉ ነው» ማለት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ስታገኝህ ነጠላዋን በልጇ ላይ ትጥላለች ማለት ነው። ባድሩ ይህን ያውቃል። ነገሩ የመጣው በዚያው ክረምት ለሱቁ ፊት ያስገባሁለት ትልቅ መስታወት ከታች እስከ ላይ ተሰንጥቆ በማደሩ ነው። መስታወቱ ከመሰንጠቁ በፊት የእሱ ሠራተኛ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ብረት ሲበይድ ውሏል። ፍንጣሪው መስታወቱን እንደ ፈንጣጣ በሳስቶት ነበር። የዚያን መስታወት አንድ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ ሱቄ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ነጠብጣቡ በጣት ይዳሰሳል። እንግዲህ መልሴ ይህ ነበር፦ «ዐይኔ አይደለም፣ ብየዳህ ነው።» ግን መልስ እንደምታውቁት ሁልጊዜ የሚመጣው ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው። ለእኔም የመጣልኝ ማታ ቤቴ ስገባ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሳልኩት፣ እያሳጠርኩት፣ እንደ ቢላ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ስሜ «ስንጥቁ» ሆኖ ቀረ። ሀውራ ሱቅ ስኳር ልገዛ ስገባ የብስኩት ማሳያዋን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ቀልዷን ነው። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ መስታወት የሚያሠራኝ ጠፋ፤ የሽንት ቤት መስኮት፣ የፎቶ ፍሬም፣ የባጃጅ መስታወት፣ ይሄ ሆነ ሥራዬ። ጦርነቱ አልፎ የከተማው መስኮት ሁሉ ረግፎ በተገኘ ጊዜ ብቻ ተሰልፈው መጡ። ያን ሰሞን «ጋሽ ሙዘይን» ነበርኩ። መስኮቶቹ ሲያልቁ ተመልሼ ስንጥቁ ሆንኩ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ የሀኒያ ቤት መስታወት ለእኔ ምን እንደነበረ እንድታውቁት ነው።

ሀኒያ የእማ ሐቢባ ልጅ ናት። ጂዳ የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ለእናቷ ቤት አሠራች። ባለ ፎቅ አይደለም፤ ግን ሰፊ ነው። መግቢያው ላይ ወንዶች የሚቀመጡበት መጅሊስ አለ፣ ከእሱ ቀጥሎ የሴቶቹ ሳሎን። በሁለቱ መሀል ግድግዳ የለም። ግድግዳ መሆን በነበረበት ቦታ ባድሩ የሠራው የአሉሚኒየም ፍሬም ቆሟል፤ በሩም ግራና ቀኙም ባዶውን መስታወት ይጠብቃል።

አንድ ቀን ሱቄ መጣችና ቆማ፣

«ጋሽ ሙዘይን፣ እኔ ጂዳ ያደርኩበት ክፍል ዕቃ ቤት ነው። መስኮት የለውም። በሩን ሲከፍቱት ብርሃንም ይገባል፣ የሰው ዐይንም ይገባል። ሲዘጉት ሁለቱም ይቀራል። በራሴ ቤት ብርሃን ይግባ፣ ዐይን አይግባ። ይሄን ትሠራልኛለህ?» አለችኝ።

ሰው ደግ ነገር ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው መጠርጠር ነው።

«ስለ እኔ የሚሉትን አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል።»

«ማን ነው የነገረሽ?»

«ምን ያደርግልሃል? ሁሉም ነው የነገሩኝ» ብላ ሳቀች። «ጂዳ ስለ እኔም ያልተባለ የለም። ማዳሜ ሌባ ብላኛለች፣ ድግምተኛ ብላኛለች። ይኸው ቤት ሠርቼ መጣሁ። አንተም ሥራልኝ።»

ማታ ለባለቤቴ ለመስኡዳ ነገርኳት። መስኡዳ ነገር አታበዛም። «ይሄ ከተሰነጠቀስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይሄ ከተሰነጠቀ ዕቃችንን ጭነን መርሳ ወንድምሽ ዘንድ እንሄዳለን፤ ሐይቅ ከተማ ላይ ከዚያ ወዲያ የሚያሠራኝ የለም» አልኳት። አሰበችበትና፣ «እንግዲያው አይሰነጠቅ» አለች።

ሀኒያ በስልኳ ብዙ ሥዕል አሳየችኝ። የሚሮጥ ፈረስ፣ አንበሳ፣ ክንፉን የዘረጋ ፒኮክ። የሰፈራችን ሸህ ሰዑድ ሰምተው ኖሮ በልጅ ላኩብን፦ ቤቱ ሶላት ይሰገድበታል፣ ነፍስ ያለው አይሳልበት። እኔም ወደ ሐይቁ ወረድኩና ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ውኃው ውስጥ የበቀለውን ረጅም ሣር፣ ፊላውን ሣልኩት። ፊላ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቅጠሉ ግን አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም። አንዱ ቀጥ ይላል፣ አንዱ ወገቡ ላይ ይሰበራል፣ አንዱ የጎረቤቱን ትከሻ ይደገፋል። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ የሥዕል መምህራችን ደብተሬን ከፍቶ ለክፍሉ ሁሉ እያሳየ፣ «ይሄ ላም ነው ወይስ አግዳሚ?» ብሎኛል። እሱንም አልረሳሁትም። ፊላ ስሥል ግን እሱ ትዝ አላለኝም።

ሥዕሉን በሚለጠፍ ወረቀት ላይ አውጥቼ፣ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጥፌ፣ ፊላው ያለበትን ሁሉ በምላጭ ቀድጄ አወጣሁ። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ። እዚያ ሳንድብላስት የሚሠራ ማሽን አለ። አሸዋውን በአየር ኃይል መስታወቱ ላይ ይተፋዋል፤ ወረቀት የሸፈነው ቦታ ጥርት እንዳለ ይቀራል፣ የተከፈተው ቦታ ይፋቅና እንደ ውርጭ ይነጣል። የእኔ ፊላ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መስታወቱ ሁሉ ከሞላ ጎደል ነጭ ሆነ። መሀል መሀሉ ላይ ጥርት ብሎ የቀረው እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ብቻ ነው። ብርሃን ያልፍበታል፤ ከወዲያ ያለውን ሰው ግን ጥላውን እንጂ ፊቱን አታይም።

ማሽኑን የያዘው ሰውዬ ሲያስረክበኝ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ገላው የተገፈፈ ነው። ቅባት እንዳታስነካው፤ ያገኘውን ይጠጣል» አለኝ።

ያመጣልኝ አስረስ ነው። አስረስ አይሱዙ ይነዳል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፣ ያን ቀን በሰርጉ ድንኳን ያልሳቀ እሱ ብቻ ነው። ሳህኑን አስቀምጦ ወጥቶ ነበር። መስታወቱን ጭድና ፍራሽ መሀል አቁመን አሰርነው። አስረስ ጭነት ሲያሳስበው አምባሰል ያንጎራጉራል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ የጀመረውን ሐይቅ እስክንገባ አላቋረጠም። እኔ ኋላ ላይ ከመስታወቱ ጋር ቆሜ መጣሁ። በየጉድጓዱ ልቤ ቀድሞኝ ይወርድ ነበር።

ስናስገባው ባድሩ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

«ስንጥቁ፣ በእኔ ፍሬም ላይ እንዳትሰነጥቀው። እኔ ስም አለኝ።»

መስታወት ተሸክሞ ነገር አይመለስም። የበሩንም የግራና ቀኙንም አስገብቼ ማጣበቂያውን ሲልከን ስጨርስ አልተሰነጠቀም። ለሀኒያ፣ «አደራ፣ ቅባት ያለው እጅ እንዳይነካው» አልኳት። እሷም ለቀለም ቀቢው ነገረች፣ ለወጥ ሠሪዎቹ ነገረች፣ ሕፃናቱን ጆሯቸውን ቆንጥጣ ነገረች። እናቷን ብቻ አልነገረቻቸውም። የገዛ እናትን ማን ያስጠነቅቃል?

ቤቱ የሚገባበት ቀን ሐሙስ ነበር። ወይፈን ታረደ፤ ለክርስቲያኖቹ ለእነ አስረስ ደግሞ በጎረቤት ግቢ በራሳቸው እጅ በግ ታረደላቸው። ሸህ ሰዑድ መጅሊሱ ራስ ላይ ተቀመጡ፣ ወንዶቹ በግራና በቀኝ። ሴቶቹ ከመስታወቱ ወዲያ ሳሎኑን ሞልተውታል፤ ድምፃቸው ይሰማል፣ ጥላቸው ፊላው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል። ሰው ሁሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው መስታወቱን ነው። «ማሻአላህ» ይላል። ከዚያ ማን እንደሠራው ይጠይቃል። ሲነገረው ዘወር ብሎ እኔን ያየኛል።

እኔ ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር።

አስረስ ጎኔ ተቀምጦ፣ «ምን ሆነህ ነው? ዞር ብለህ እይ እንጂ ሥራህን» ይለኛል።

«አላይም።»

«ለምን?»

«ዛሬ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት እኔ እያየሁት ቢሰነጠቅ ምን ልባል ነው?»

«አበድክ? ዐይን መስታወት ይሰነጥቃል ብለህ አንተም አመንክ?»

አላመንኩም። ግን ሰው አንድ ነገር ለዓመታት ሲሉት፣ ባያምንበትም ይጠነቀቃል። ፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ ያለውን የካዕባ ሥዕል እያየሁ ተቀመጥኩ። ዱዓው ተጀመረ። ሸህ ሰዑድ ሲመርቁ «አሚን» እንላለን። ቤቱን የሰላም ያድርገው፣ አሚን። ገቢውን ያብዛው፣ ወጪውን ያቅልለው፣ አሚን። እያለ እያለ ልቤ ትንሽ ረጋ። የሆነ ጊዜ ላይ እንዲያውም ወደፊት የሚያሠሩኝን ሰዎች ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ከሴቶቹ በኩል ጩኸት ተነሣ።

«ኧረ በአላህ! ያዩናል! ያዩናል እኮ!»

ወንዶቹ ሁሉ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ሸህ ሰዑድ ድምፃቸውን ሰምቼ በማላውቀው ኃይል፣ «ዐይናችሁን ስበሩ!» ብለው ጮኹ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ያን ጊዜ ዞርኩ። በሩ ላይ፣ ፊላው በጣም በተጠጋጋበት፣ ሰፌድ የሚያህል ቦታ ጠፍቷል። አልተሰበረም፣ አልተሰነጠቀም። ነጩ የለም፣ ፊላው የለም። ልክ እንደ ተራ የመስኮት መስታወት ጥርት ብሎ፣ ከወዲያ ሻሻቸውን አውልቀው ሲያሸበሽቡ የነበሩ ሴቶች እየተጋፉ ሲሸሹ ይታያሉ።

አንዱ ጋቢውን ገፍፎ በሩ ላይ ጣለው። ባድሩ፣

«አላልኳችሁም?» አለ። «ይኸው፣ ዞር ብሎ አየው! ድሮ ነበር የሚሰነጥቀው፤ ዛሬ ደግሞ ያቀልጠው ጀመር።»

ሳቁ። ሸህ ሰዑድ ባይኖሩ የበለጠ ይስቁ ነበር። ያው ድንኳን፣ ያው ሳቅ። መርሳ የሚሄደውን የአይሱዙ ጭነት በዐይኔ አየሁት፤ መስኡዳ ድስቶቿን በጭድ ስትጠቀልል። መጀመሪያ ያሰብኩትም ባድሩ የሆነ ነገር አስደፍቶበታል ብዬ ነው። ያ ውሻ፣ ጋዝ ወይም ቤንዚን አስቀብቶበታል! ተነሥቼ በሩን ከፍቼ ወደ ሴቶቹ በኩል ገባሁ። ሴቶቹ ተሸፋፍነው ጥግ ላይ ታፍገዋል። መስታወቱን በጣቴ ዳሰስኩት። ይለሰልሳል። ጣቴን አሸተትኩት።

ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ።

ዞር ስል እማ ሐቢባ በአንድ እጃቸው የቅቤ ቅል ይዘው፣ ሌላው መዳፋቸው እያብለጨለጨ፣ ግራ ተጋብተው ቆመዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ ዘንድ አዲስ ቤት ሲገባ የቤቱ እናት የበሩን መቃን ቅቤ ትቀባዋለች፤ ኑሮው እንዲለሰልስ፣ ቤቱ ነገር እንዳይደርቅበት። እናታቸውም ቀብተዋል፣ የእናታቸው እናትም።

ሰው ሁሉ የእኔን አፍ ይጠብቃል። ባድሩም ከኋላዬ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። አንድ ቃል ብናገር ነጻ ነኝ፤ «የቀቡት እማ ሐቢባ ናቸው» ማለት ብቻ። ግን እሳቸውን በዚህ ቀን፣ ልጃቸው በሠራችላቸው ቤት፣ ያን ሁሉ እንግዳ ፊት? ሰው ፊት ማፈር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

እሳቸው ግን ዝም አላሉም።

«ምን ሆናችሁ? እኔ ነኝ የቀባሁት!» አሉ። «መቃኑ እንቢ አለኝ። ይሄ የባድሩ ብረት ቅቤ አይዝም፣ እንደቀባሁት ወርዶ መሬት ይወድቃል። ይሄኛው ሻከር ያለ ነው፤ ስቀባው ምጥጥ ሲያደርግልኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ደጋገምኩት። ምነው? አበላሸሁት እንዴ?»

ሀኒያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማ!»

«አበላሸሁት ልጄ?» አሉኝ፤ አሁን ድምፃቸው ቀጥኗል።

«አብሽሩ እማ፣ ይለቃል» አልኳቸው።

ወላሂ አላውቅም ነበር። ሰውዬው «ያገኘውን ይጠጣል» አለ እንጂ የጠጣውን ይመልሳል አላለም። ሻርፕ ተቀብዬ አሸሁት። ቅቤው ሰፋ። ሰፌድ የሚያህለው ቦታ ሌማት የሚያህል ሆነ። ባድሩ ከበሩ ላይ፣ «በርታ፣ በርታ፤ ጨርሰህ መስኮት አድርግላት» ይላል።

እማ ሐቢባ ክንዴን ያዙኝ። «ተው፣ ቅቤ በደረቅ ጨርቅ ይለቃል? ወንድ ልጅ! ጋቢ አጥበህ ታውቃለህ? አንቺ፣ ሙቅ ውኃ አምጪ። ያን የእንዶድ ቅል አምጪልኝ።»

እንዶዱን በሙቅ ውኃ መቱት። አረፋው ከሳፋው በላይ ተነሣ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሕፃን እንደሚያጥቡ፣ ከላይ ወደ ታች በመዳፋቸው እያሹ ማጠብ ጀመሩ። የቅቤው ሽታ ሳሎኑን ሞላው። አንዴ አጠቡት፣ አለቀለቁት፣ ደገሙት። አረፋው ሲወርድ ዐየሁት፤ ከድሮው የባሰ ጥርት ብሏል። ውኃው የደረሰበት ሁሉ ጠፍቷል። ከፊላዬ ግማሹ የለም።

«አለቀ» አልኩ በልቤ።

መስታወቱን ኮምቦልቻ ስቀበል ዝናብ አካፍቶበት እንዲሁ ጠፍቶ፣ ሲደርቅ መመለሱ ትዝ አለኝ። ያ ግን ዝናብ ነው። ይሄ ቅቤ ነው። በውስጡ ቀርቶ እንደሆነስ? ውኃው ደርቆ ቅቤው ቢቀርስ? የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ሸህ ሰዑድ ከወዲያ፣ «እንዲደርቅ በሩን ክፈቱት፣ የሐይቁ ነፋስ ይግባ። ሰዉ እህል ይብላ» አሉ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አስረው ተቀመጡ፣ ሳህን መዞር ጀመረ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ መስታወቱ ለነፋሱ ተሰጠ። እኔ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ጀርባዬን አዞርኩ። ሳህን ሰጡኝ፤ እንደዚያ ቀን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አልጎረስኩም።

«አስረስ።»

«አቤት።»

«ምን ይታያል?»

«ምንም።»

እንግዶቹ ቢበሉም ዐይናቸው በሩ ላይ እንደሆነ ከፊታቸው አነባለሁ። ባድሩ አጥንት ይግጣል።

«አስረስ።»

«ቆይ እንጂ፣ አታጣድፈኝ።»

ነፋሱ ገባ፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣ ቀዝቀዝ ያለ የሐይቅ ነፋስ። አንገቴ ላይ ተሰማኝ።

«ጠርዙ ላይ» አለ አስረስ። «ጠርዙ ላይ ነጣ።»

«ጠርዙ ቅቤ አልነካውም። እሱ ውኃ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ዝም በላ።» ትንሽ ቆየና ክርኑን ጎኔ ላይ ተከለው። «ሙዘይን።»

«ምነው?»

«አንድ ፊላ ወጣ።»

«የቱ? የትኛው?»

«የተሰበረው። ወገቡ ላይ የተሰበረው የለም? እሱ። ከሥሩ እየነጣ እየወጣ ነው... ደገመ። ሁለተኛው መጣ። አጠገቡ ያለው ደግሞ... ኧረ በእመቤቴ፣ አንተ፣ እንደ ቡቃያ ተግተልትሎ እየበቀለ ነው!»

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሎች መብላት አቆሙ። አንዱ፣ «ሱብሐነላህ» አለ። ከሴቶቹ በኩል እልልታ ጀመረ፤ አንዷ ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔ አሁንም አልዞርኩም። ዐይኔ ላይ ውኃ ሞልቶ የካዕባው ሥዕል ሁለት ሆኖብኛል።

እማ ሐቢባ መጅሊሱ ውስጥ ገብተው ከፊቴ ቆሙ። እጃቸው ገና እንዶድ እንዶድ ይላል።

«አንተ ልጅ፣ ለምን ጀርባህን ትሰጠዋለህ?»

ሀኒያ ከኋላቸው ቆማ፣ «ዐይኑን ይፈራል እማ፤ ሰዎች የሚሉትን ታውቂው የለ» አለች።

«ሰዎች!» አሉ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጉንጬን ይዘው፣ እንደ ሕፃን ፊቴን ወደ በሩ አዞሩት። «እይ። የሠራኸውን እይ። ባለቤቱ ያላየው ሥራ ምርቃቱ አይሞላም። ጠግበህ እይ።»

አየሁት። ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ከመዓት ሰው ፊት፣ ዐይኔን ሳልሰብር፣ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ፀሐይዋ ወደ አምባሰል ተራሮች አዘንብላ በመስኮት ገብታ ነበር። በመስታወቱ አልፋ ምንጣፉ ላይ ፊላውን አነጠፈችው። ፊላዎቹ ሁሉ አሉ። የተሰበረውም፣ የሚደገፈውም። በመቃኑ በኩል፣ ከታች፣ አውራ ጣት የምታህል አንዲት ቦታ ብቻ ጠቆር ብላ ቀርታለች። እዚያ ቅቤው ጠልቋል።

«ያቺን ደግሜ ልጠባት?» አልኩ።

«ተዋት» አሉ እማ ሐቢባ። «እሷ የቤቱ ናት።» ከዚያ እራሴ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» ብለው መረቁኝ፦ «እጅህን ቅን ያድርገው። ዐይንህን የብርሃን ያድርገው።»

«አሚን» አለ ቤቱ ሁሉ። የሳቁትም «አሚን» አሉ፤ በጆሮዬ ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ በላሁ። ወላሂ እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። አስረስ ቀድሞ ከጎረቤት ግቢ ጠግቦ መጥቶ ነበርና እኔ ስበላ እያየ፣ «ቀስ በል፣ ሳህኑን እንዳትሰነጥቀው» ሲለኝ፣ ሳቅ አነቀኝ። ያን ቃል ሰምቼ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሁለት ሦስቱ እየመጣ ጎኔ ቁጭ አለ። አንዱ፣ ወንድሙ ከኩዌት እንደሚመለስ፣ ለመስኮቱ እንዲህ ያለ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሌላው በዝናብ ጊዜ ይጠፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ «ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል» አልኩት፤ ይሄን አሁን እርግጠኛ ሆኜ ነው የምናገረው።

ልሄድ ስነሣ መቁረጫዬንና የሲልከን መሣሪያዬን የያዘውን ቦርሳ አነሣሁ። በሩ ጋ ጫማዬን ስፈልግ ባድሩ ከመጅሊሱ ጥግ፣ እጁን እየታጠበ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ስንጥቁ! ዛሬስ የእማ ሐቢባ እንዶድ አዳነህ። እሳቸው ባይኖሩ ምን ይውጥህ ነበር?» አለ።

አስረስ አየኝ። ሀኒያ አየችኝ። ያ «ብየዳህ ነው» የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት የሳልኩት፣ ያሳጠርኩት፣ እንኳን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ለብቻዬ ስለው እንኳ ደስ የሚለኝ። የመስታወቱ ቁራጭም ሱቄ ውስጥ አለ። ባድሩ ውኃው በእጁ ላይ እየፈሰሰ ይጠብቀኛል፤ ሳየው አርጅቷል፣ ከጆሮው በላይ ሽበት ወጥቶበታል፤ መቼ እንደሸበተ አላስተዋልኩም ነበር።

ዐይኔን ከእሱ ላይ አንሥቼ አንድ ጊዜ ደግሜ መስታወቱን አየሁት። አልተሰነጠቀም።

ጫማዬን አደረግሁ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወደ መንገዱ ወረድኩ።